ሽቅብ የፈሰሰው ወንዝ

እናቴ ትሙት፣ ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጭራው እውነት ነው። እናትህ ድሮ ሞታለች የሚል ካለ፣ በሕይወት ያለች አክስት አለችኝ፤ እሷ ትሙት። ወንዝ ቁልቁል መፍሰስ ሰልችቶት ሽቅብ ተራራ ሲወጣ አይቻለሁ፤ በዚያው ወንዝ ጦስ የእህቴ ባል ጥይት ሊበላ ለጥቂት ሲቀረው አይቻለሁ።

ያን ጠዋት ገደሉን የምንወርደው በእግራችን ሳይሆን በመቀመጫችን ነበር። በቅሎዎቹም እንደኛው። በቅሎ ቁጭ ብላ ስትንሸራተት ያላየ ሰው ቁልቁለት አውቃለሁ አይበል። ከፊት የእህቴ ባል በዱላው ቅጠሉን እየገለጠ ይመራል። ከሱ ኋላ ሻምበሉ፣ ሽጉጡን ከአፎቱ አውጥቶ፣ ዓይኑን ከመሪው ማጅራት ሳይነቅል ይወርዳል። ቀጥሎ ቀያሹ ባለ ሦስት እግሩን የነሐስ መነጽር እንደ አራስ ልጅ አቅፎ፣ ከዚያ ወታደሮቹ፣ ከዚያ ሽማግሌው ወጥ ቤት ከነድስቱ። መጨረሻ ላይ እኔ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ዘንግ ተሸክሜ።

ሥራዬ ዘንግ መያዝ ነው። ቀያሹ ከወዲህ ጉብታ ላይ ሆኖ በመነጽሩ ሲያይ፣ እኔ ከማዶ ጉብታ ላይ ዘንጌን አቁሜ እገተራለሁ። ካርታ ማንሳት ማለት ለኔ ይኸው ነው፤ ዝንጀሮ የፈራው ጫፍ ላይ ወጥቶ እንደ አጥር እንጨት መቆም። ቀያሹ የቀጠረኝ ፊደል ቆጥሬያለሁ ስላልኩት ነው። መቁጠሩንስ ቆጥሬያለሁ፣ አልጨረስኩም እንጂ።

ወታደሮቹ «ሻለቃ ቀደዳ» ይሉኛል። አንድ ቀን ዘንጌን ከተራራ ጫፍ ሳነሳ ደመና ወጋሁና እላዬ ላይ ፈሰሰብኝ ብዬ ነግሬያቸው ነው። ሻምበሉ ቀልዱን ሳይሆን ማዕረጉን ጠላው፤ ሻለቃ ከሻምበል ይበልጣላ! በቡት ጫማው ውስጥ እንቁራሪት የከተትኩበትንም አልረሳውም። እሱ በበኩሉ የማይጠረጥረው ሰው አልነበረም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት እንደ ጸሎት ጠዋት ማታ ይደግማታል።

ለመጠርጠሩ ምክንያት አላጣም። መንግሥት የላከን ወንዛችንን ከመጨረሻው እስከ ምንጩ በወረቀት ላይ እንድናመጣ ነው። ከተራራው ወዲያ ሌላ ወንዝ አለ፤ እሱ የጎረቤት መንግሥት ነው። በሁለቱ መንግሥታት መካከል በዚያን ዘመን ሰላምታ እንጂ ሰላም አልነበረም። ወንዛችንን ይዘን ሽቅብ ስንወጣ ውሃው የገደል ጉሮሮ ውስጥ ገባብን፤ ፍየል እንኳ የማያሳልፍ ጉሮሮ። ያኔ የእህቴ ባል «በተራራው ዞረን ከበላይ እናገኘዋለን» አለ። ዞርን። ወንዙን ትተን ስንት ጫካና ስንት ገመገም አለፍን።

የእህቴ ባል እናት ደግሞ ከተራራው ወዲያ ናት። ይህን ሻምበሉ ያውቃል። በመንገድ ላይም አንድ ጠዋት የእህቴ ባል መንገድ ልይ ብሎ ብቻውን ሄደና ማር ይዞ ተመለሰ። ማሩን ሁላችንም በላነው፤ ሻምበሉ ግን ጣቱን እየላሰ ዓይኑን አጠበበ።

ገመገሙ ላይ ስንደርስ አንዷ በቅሎ ከነጭነቷ ተንከባለለችና የቀያሹን የከፍታ መለኪያ ሰበረችው። ሻምበሉ በቅሎዋንም ጠረጠረ። ማን እንደጫናት፣ ማን እንደመገባት፣ ከማን እንደተገዛች ሁሉ ጠየቀ። ቀያሹ ግን «ግድ የለም፣ ውሃ በማፍላት እለካለሁ» ብሎ ከወጥ ቤቱ ድስት ለመነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ተራራ ላይ በትንሽ ሙቀት ይፈላል፤ ወደ ቆላ በወረድክ ቁጥር ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ የሙቀት መለኪያዋ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ውስጥ ገብታ ቁጥሯ ዝቅ ካለ፣ የቆምክበት አገር ከፍ ያለ ነው። ቁጥሯ ከፍ ካለ፣ አገሩ ዝቅ ያለ ነው። ግራ ካጋባችሁ አይዟችሁ፣ እኔንም ሁለት ተራራ ፈጅቶብኛል።

ታዲያ ቀያሹ ብርጭቆዋን ነክሮ አየና «ዝቅ ብሏል» አለ። ሻምበሉ የዚያን ጉዞ አንዲት ቀልድ ያን ጊዜ ቀለዳት፦ «ሰማህ ሽማግሌው? ብርጭቆዋ እንኳ ጨው አንሶታል አለች!» ሁላችንም እስኪያመን ሳቅን። ወጥ ቤቱ ጨው አልቋል ካለን ወዲህ እንደ ቅጠል የሚጣፍጥ ባቄላ እየበላን ነበር። ሻምበሉም በየምሳው «ሽጠኸዋል እንጂ አላለቀም» ይለዋል። ሽማግሌው ያኔ አልሳቀም፤ ድስቱን ተቀብሎ ውስጡን ለረጅም ጊዜ አየው።

እንግዲህ ወደ ቁልቁለቱ ልመለስ። ታች ስንደርስ ወታደሮቹ ከነልብሳቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። የእህቴ ባል ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ጠጣና አፉን ጠረገ።

«ይኸውላችሁ ወንዛችሁ።»

«እናያለን» አለ ሻምበሉ።

ቀያሹ ድስቱን ጠየቀ። ወጥ ቤቱ ውሃ ቀድቶ፣ እንጨቱ እርጥብ ስለነበረ ጉንጩ እስኪቀላ እሳቱን ነፍቶ አፈላለት። ቀያሹ ብርጭቆዋን ነከረ፣ አየ፣ በእርሳሱ ደመረ፣ ቀነሰ። «እንደገና አፍላልኝ» አለ። እንደገና ተፈላ። ፊቱ ተጨማደደ። «አንድ ጊዜ ብቻ» አለ። ሦስተኛው ሲያልቅ የዓይን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው፤ ችግሩ የመነጽሩ ቢሆን ደስ ባለው።

ቀያሹ ክፉ ሰው አይደለም። ክፋቱ ከሰውም ከወንዝም ይልቅ ያቺን ብርጭቆ ማመኑ ነው።

«ምን ሆነ?» አለ ሻምበሉ።

«ይህ ቦታ ወንዛችንን ከተውንበት ቦታ ዝቅ ያለ ነው። በለካሁ ቁጥር ደግሞ ይብሱን ይሰምጣል።»

«ወደ ላይ አይደል እንዴ የመጣነው?»

«ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ያው ወንዝ ከሆነ፣ ውሃው ከዚህ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ሽቅብ መውጣት አለበት።»

«ውሃ ሽቅብ ይወጣል?»

«እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ሻምበሉ ቀስ ብሎ ወደ እህቴ ባል ዞረ። ወታደሮቹ ከውሃው እየተንጠባጠቡ ወጡ፤ አንዳንዱ ጠመንጃው የት እንዳለ መፈለግ ጀመረ። ከማዶ ያለው ጫካ ድንገት ዓይን ያበቀለ መሰለን። ወፍ ስትነሳ ሁላችንም ጎንበስ አልን።

«ይህ የነዚያ ወንዝ ነው» አለ ሻምበሉ። «ተራራውን አሻግረህ አፋቸው ውስጥ ከተትከን።»

«ሻምበል፣ ይህን ወንዝ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«በምን ታውቀዋለህ?»

«አንተስ እናትህን በምን ታውቃለህ?»

«ማሩን ማን ሰጠህ?»

«ንብ።»

አንድ ወታደር በሳቅ ፈነዳና ወዲያው አፉን ያዘ። ሻምበሉ አልሳቀም። «እሰሩት» አለ። የእህቴን ባል ከወንዙ ዳር ካለ ዛፍ ጋር በበቅሎ ጭነት ገመድ ጠፈሩት። «ፀሐይ ያንን ቋጥኝ ስታልፍ በመጣንበት እንመለሳለን። አንተ አትመለስም። ትቼህ ብሄድ ከኋላዬ ታስከትልብኛለህ፤ ይዤህ ብሄድ ሌላ ገደል ታሳየኛለህ።»

ፀሐይዋና ቋጥኙ ተቀራርበዋል። እኔ ወደ ሻምበሉ ሮጬ «ጌታዬ፣ ይህ ሰው አይዋሽም!» አልኩ።

«ማን ነው የሚመሰክርለት?»

«እኔ።»

ሻምበሉ ዓይኑን እንኳ አላነሳም። «ጨርሰህ ገደልከው በለኛ!»

ምን ይደረግ? ሄጄ ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ጠርጥሬው ነበር። እናቱ፣ ማሩ፣ ብቻውን የጠፋበት ጠዋት፣ አንድ በአንድ ይመጡብኝ ጀመር። ነገር አንዴ ከጠረጠሩት ሁሉም እርስ በርሱ ይጎነጎናል። እህቴ፣ እትዬ፣ ስትሸኘን እጄን ይዛ «ይዘኸው እንድትመለስ፣ አደራ» ብላኛለች።

«ጋሼ» አልኩት በሹክሹክታ፤ «ለኔ ብቻ ንገረኝ። ወዴት ነው ያመጣኸን?»

ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተም?» አለኝ።

እግሬን ጎትቼ ወደ እሳቱ ሄድኩ። ሻምበሉ ሻይ ብሎ ሲጣራ ሰማሁ። የፈላው ውሃ ገና ድስቱ ውስጥ ነው፤ ቶሎ ብዬ ላቀርብለትና ልቡን ላለሰልስ አሰብኩ። እጄን ስሰድ ወጥ ቤቱ ድስቱን ከፊቴ መንጭቆ ውሃውን አሸዋው ላይ ደፋው።

ቆሜ ቀረሁ። ያ ሁሉ እርጥብ እንጨት፣ ያ ሁሉ ጭስ! ይህ ሽማግሌ ደግሞ የባቄላ እጣቢ እንኳ የማይደፋ ሰው ነው።

«አባባ፣ ምነው ደፉት?»

«ዝንብ ገባበት።»

«ትናንት ዝንብ የገባበትን ሾርባ አብልተውን የለም እንዴ? እንዲያውም ሥጋ ነው ብለውናል።»

«ሂድ ከዚህ፣ ቀባጣሪ!»

ድስቱን ወደ ጀርባው አዞረ። ምናምን ያለበት ዝላይ አይችልም ይላሉ። ጣቴን ወደ ድስቱ ሰድጄ ላስኩት። ባሕር ነበር።

«አባባ! ጨው አልቋል አላሉንም?»

ሽማግሌው ኮሌታዬን ይዞ ከጭነቱ ኋላ ጎተተኝ። «ዝም በል! በወለደችህ ዝም በል! ያቺ ብርጭቆ ምን እንደምትናገር እኔ ምን አውቃለሁ? ተራራው ላይ ድስቴ ውስጥ ገብታ ወጣች፤ ሻምበሉም ጨው አንሶታል አለች አለ። ሁላችሁም ጥርሳችሁን አሰጣችሁብኝ። ዛሬ ድስቱን ሲጠይቀኝ፣ ዛሬስ አታዋርደኝም ብዬ አንድ እፍኝ ጨመርኩ። ቀያሹ አይቶ ፊቱን ቋጠረ፣ እንደገና አፍላ አለኝ። አሁንም አንሷታል ማለት ነው ብዬ ጨመርኩ። ሦስተኛው ላይማ፣ እንግዲህ ሆዷ ይፈንዳ ብዬ አራገፍኩት!»

«ጨው አልቋል ብለው ነበርኮ።»

«የመመለሻችንን አስቀርቼ ነው። ወታደር ጨው ካየ ነገን አያውቅም። ጠረጠርኳቸውና ደበቅኩት።» ወደ ሻምበሉ ሰርቆ አየ። «አሁን ሻምበሉ ቢሰማ ደበቅክ አይለኝም፣ ሰረቅክ ነው የሚለኝ። ካርታውን ያበላሸኸው ለነዚያ ብለህ ነው ይለኛል። ያንን ፈትቶ እኔን ያስራል። እኔ መሪ አይደለሁም ልጄ፤ ለኔ የሚቆጨው ማን ነው?»

ጨው ውሃን ከብርጭቆዋ ጋር እንዴት እንደሚያጣላው እኔ አላውቅም ነበር። ግን ሦስቴ ጨው ገብቶ ወንዙ ሦስቴ ሰምጧል። ይህን ለማየት ትምህርት መጨረስ አያስፈልግም።

ሽማግሌውን አየሁት። ቆላ ውስጥ ትኩሳት ሲጥለኝ በማንኪያ ያጠጣኝ እሱ ነው። ዛፉን አየሁት። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ልብ አጣሁ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ እኔ ብታሰር ሰው የሚለው «የእጁን አገኘ» ብቻ ነው። ማንም ሰላይ ነው አይለኝም። ሰላይ ምስጢር ይጠብቃል፤ እኔ የራሴን እንኳ ጠብቄ አላውቅም።

«ጨዉን ይስጡኝ» አልኩት።

ከባቄላው ከረጢት ሥር ያወጣትን ቋጠሮ ይዤ ሻምበሉ ፊት ቆምኩ።

«ሻምበል፣ ወንዙን ያሳበድኩት እኔ ነኝ።»

«የእህትህን ባል ልታድን ነው።»

«ድስቱ ውስጥ ጨው ስጨምር ነበር። ወጥ ቤቱ ዞር ባለ ቁጥር።»

«አንተ ፀሐይ በምሥራቅ ወጣች ብትለኝ እንኳ ዞሬ ሳላይ አላምንህም።»

ቀያሹ ግን ከተቀመጠበት ድንጋይ እንደተነከሰ ሰው ዘሎ ተነሳ። «ጨው? ስንት? ጨው ነው ያልከው? አምላኬ! ጨው የገባበት ውሃ ለመፍላት የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል! ቁጥሩ ከፍ ይላል! ቁጥሩ ከፍ ሲል አገሩ ዝቅ ያለ ይመስላል!» ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ድስቱን በአሸዋ እጠቡ! ቶሎ!»

«ማንም እንዳይነካው» አለ ሻምበሉ። ማንንም አላመነምና ድስቱን ራሱ አጠበ። ውሃውንም ራሱ ቀዳ፤ ቡት ጫማው ውስጥ ገባበት። ቀያሹ በጉልበቱ ተንበርክኮ እሳቱን ይነፋል፣ ጭሱ እንባውን ያወርደዋል፣ ሻምበሉ ሽጉጡን ይዞ በላዩ ቆሟል። ወታደሮቹ ክብ ሠርተው እርስ በርስ እጅ እጅ ይተያያሉ። ፀሐይዋ ቋጥኙን ነክታለች። እንደዚያን ቀን የዘገየ ውሃ በዓለም ላይ ፈልቶ አያውቅም።

ፈላ። ቀያሹ ብርጭቆዋን ነከረ። ትንፋሻችንን ዋጥን።

«ወረደ» አለ። ደመረ፣ ቀነሰ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ሳቀ። «ወንዙ ወደ ቦታው ወጣ! ከተውንበት በላይ ነን። የኛው ወንዝ ነው፣ ሻምበል! የኛው!»

ሻምበሉ ሽጉጡን ወደ አፎቱ መለሰ። ከሞት ያመለጠ ሰው ሳይሆን የተነጠቀ ሰው ይመስል ነበር።

ቀያሹ ወደኔ ዞረ። «አንድ ነገር አልገባኝም። ለምን በየጊዜው ጨመርክበት?»

«አላስተዋላችሁማ፣ ጌታዬ።»

ከኔ ላይ ዓይኑን አንስቶ ወጥ ቤቱን አየ። ሽማግሌው የጠራውን ድስት እንደገና እየወለወለ ነበር። ቀያሹ አፉን ሊከፍት አለና ተወው።

«ቀልድ መሆኑ ነው?» አለ ሻምበሉ።

«ቀልድ ነው፣ ሻምበል።»

«ጨዉንም አንተ ነህ የሰረቅከው?»

«እኔ ነኝ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ አመነኝ። ወታደሮቹም አመኑኝ። ዕድሜ ልኬን ከተናገርኩት ሁሉ የዚህን ያህል ሳይጠረጠር የታመነልኝ ነገር የለም። ያ የማያምን ሻምበል፣ በቅሎ የጠረጠረ ሻምበል፣ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጨመረም።

የእህቴን ባል ፈትተው እዚያው ዛፍ ላይ እኔን አሰሩኝ። ገመዱ ገና ይሞቅ ነበር። የገረፉኝ በበቅሎ ጠፍር ነው። እጃቸው የበረታው ስለ ካርታው ተቆርቁረው አይመስላችሁ፤ ስለ ባቄላው ነው። አንዱማ በመታኝ ቁጥር «ይኼ የሰኞ! ይኼ የማክሰኞ!» እያለ ምሳዎቹን ይቆጥርብኝ ነበር። ሽማግሌው ወጥ ቤት ጀርባውን ሰጥቶን ባቄላ ይለቅማል።

ሲጨርሱና ሲፈቱኝ የእህቴ ባል እየሮጠ መጣ። ምንም አልጠየቀኝም፤ ነገሩ ገብቶት ነበር። አቀፈኝና ጆሮዬ ላይ «ለእህትህ ምን ዓይነት ወንድም እንዳላት እነግራታለሁ» አለኝ። በማግስቱ ወንዙን ይዘን ሽቅብ ቀጠልን፤ እኔም ዘንጌን በተላጠ ትከሻዬ ተሸክሜ። ዛሬ ያ ወንዝ በካርታው ላይ አለ፤ ሰማያዊ ሆኖ፣ ሥርዓቱን ጠብቆ፣ ቁልቁል ይፈሳል።

እንግዲህ ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ። አንዲት ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ። ጨዉን አይደለም። ማሩንም አይደለም፤ ንብ ነው ብሎታል። የጨመርኩት ማቀፉን ነው።

የእህቴ ባል አላቀፈኝም። ሲፈታ የእጁን አንጓ እያሸ በፊቴ አለፈ፣ ቆመ፣ ዓይን ዓይኔን አየኝና «እህትህ ምን በደለችህ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጉዞ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም።

ወጥ ቤቱ ካረፈ በኋላ፣ ከእንግዲህ የሚጎዳው የለም ብዬ፣ የእህቴ ባል ደጅ ድረስ ሄጄ እውነቱን እንዳለ ነገርኩት። እትዬ በሩን ተደግፋ ትሰማ ነበር። ሁለቱም ሳያቋርጡኝ እስከ መጨረሻው አደመጡኝ። ስጨርስ የእህቴ ባል ፈገግ አለ።

«ይህችኛዋ ከሁሉም ታምራለች» አለና በሩን ዘጋው።